ቁልፉን ለማን ሰጠኸው?

የሠፈሩ ሰው «ማስተር» እያለ ነው የሚጠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ ሲቀርጽ፣ የጠፋውን ሲተካ፣ በር ውስጥ የተሰበረውን ሲያወጣ ኖሯል። የማይከፍተው ነገር የለም ሲሉት «የሚስቴን ኩርፊያ ሳይጨምር ነው» እያለ ያስቃቸዋል።

ቁልፉ እስኪቀረጽለት የሚቆም ሰው ዝም አይልም። ተከራይ የመጣ እንደሆነ አከራዩን ያማል፤ አከራይ የመጣ እንደሆነ ተከራዩን። «አከራይና የጥርስ ሕመም አንድ ናቸው፤ ደህና ነኝ ስትል ነው የሚነሡብህ» ይላል አንዱ። እሱ ሄዶ ሌላው ሲተካ ደግሞ «ተከራይ ማለት ቤትህን ወስዶ ግድግዳውን ብቻ የሚመልስልህ ሰው ነው፤ እሱንም ወንፊት አድርጎ» ይላል። ማስተር ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ራሱም ተከራይ ነው። ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር በአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ከያዘ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቢሆንም ለማንም አያደላም። «የሁለቱም ወገን ቁልፍ በእጄ ያልፋል፤ ምላሴን ካልሰበሰብኩ እጄን ማን ያምነዋል?» ነው መልሱ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መስታወት ነጋዴው መጣ። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ሱቅ የእሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ከኋላ መንገድ ያለውን ቤቴን ታውቀዋለህ። ተከራዮቹ ከለቀቁ ወር አለፋቸው፤ ቁልፉን ይዘውብኝ ሄዱ። ከፍተህ ቀይርልኝ።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው አልኩህ እኮ!»

ቤቱ የሰውየው እንደሆነ ማስተር ያውቃል፤ የውጭውን በር ቁልፍ የሠራለት እሱ ነው። የዕቃ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ተከተለው። ደጃፉ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች ከነጋሪያቸው ቆመው ነበር። ዕቃ ሊያስገባ ነው ብሎ አሰበና ነገሬ አላላቸውም። በሩን ለመክፈት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የድሮውን የቁልፍ ሲሊንደር ነቅሎ አዲሱን ገጠመ፤ ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞከራቸውና ኪሱ ከተታቸው። ነጋዴው በሩን ገፋ አደረገው።

ቤቱ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ጥግ ላይ ያለው አልጋ ተነጥፏል። መደርደሪያው ላይ የተማሪ የፈተና ወረቀት ተቆልሎ፣ ከላዩ ቀይ እስክሪብቶ ተጋድሟል። መስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ራዲዮ ዝቅ አድርገው ይሰማሉ። ከፊታቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ስኒ ሻይ አለ።

«መጣሽ እንዴ ልጄ?» አሉ ሳይዞሩ። «ዛሬ ምነው በጊዜ?»

ማስተር በድን ሆኖ ቀረ።

«አይዞዎት አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ ነኝ» አለ ነጋዴው። ወዲያው ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ፣ «ግቡ እንጂ! ከጠረጴዛው ጀምሩ።»

ከተሸካሚዎቹ ወጣቱ ስኒውን አንሥቶ መሬት አስቀመጠና ጠረጴዛውን ይዘው ወጡ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሻይው ዘረጉ። እጃቸው ባዶ አየር ዳሰሰ። ወደ ቀኝ ወሰዱት፤ ወደ ግራ መለሱት፤ ትንሽ ዝቅ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው ማስተር ዐይናቸው እንደማያይ የገባው።

«ጠረጴዛዬ…» አሉ ቀስ ብለው፣ ራሳቸው የሆነ ቦታ ጥለውት እንደ ረሱት ሁሉ።

የማስተር ደም ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። «ባዶ ነው አላሉኝም?»

«ይለቃሉ ማለቴ ነው። ልጃቸው አስተማሪ ናት፤ ሦስት ጊዜ ልቀቂ አልኳት፣ አልሰማ አለች። ቤቱን ለመጋዘን ፈልጌዋለሁ።»

«እኚህ ሰውዬስ?»

«እሳቸውን ማን ይነካቸዋል? ወንበራቸውን በክብር ግቢው ውስጥ እናወጣላቸዋለን። ፀሐይ ይሞቃሉ።»

ፀሐይ ይሞቃሉ! ይቺ ቃል ናት ማስተርን ያሳበደችው። ሰውየው ቢሳደብ፣ ቢራገም እንኳ ይሻለው ነበር። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ሲለው የነበረውን ሰው አንተ አለው። «አንተ፣ ሰው ነህ? ጠረጴዛውን መልሱ!»

ተሸካሚዎቹ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከሁለቱ ትልቁ ነጋዴውን አየው፤ ማስተርን አየው። «ጌታዬ፣ እኔም የሰው ቤት ነው የምኖረው» አለና ጠረጴዛውን መልሶ አስገባው። ስኒውንም አንሥቶ በሽማግሌው እጅ ውስጥ አስያዘ። ከዚያ ጓደኛውን በዐይኑ ጠቅሶ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ።

ነጋዴው ጮኸ፤ ሠፈሩን አንድ አደረገው። የጎረቤት ሴት አጥር ላይ ብቅ ብላ ሁኔታውን ስታይ ትምህርት ቤት ደወለች። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዋ እየሮጠች ደረሰች፤ እጇ የጠመኔ ብናኝ ለብሷል። መጀመሪያ አባቷን አየች። ከዚያ አዲሱን ሲሊንደር። ከዚያ የዕቃ ሣጥኑን የያዘውን ሰው።

«አንተ ነህ የከፈትከው?»

ተታልዬ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ አፈረ። «እኔ ነኝ።»

«ዐይነ ስውር ሰው ላይ በር ከፍተህ ወሮበላ አስገባህ!»

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለ ነጋዴው። «የማን ቤት ነው? ቤቴ ነው! አምጣ አንተ ደግሞ ቁልፉን!» ብሎ መዳፉን ዘረጋ።

ማስተር እጁን ኪሱ ከተተ። ሦስቱንም ቁልፎች አወጣ። በተዘረጋው መዳፍ አጠገብ አልፎ በአስተማሪዋ ጠመኔያም እጅ ላይ አኖራቸው።

«ሦስት ናቸው እህቴ። አራተኛ የለም።»

ነጋዴው ባዶ መዳፉን ጨበጠ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ፦ «ቁልፉን ለማን ሰጠኸው? እ? ቤቱ የማን ነው?»

«ቤቱስ ያንተ ነው። የሚኖሩበት ግን እነሱ ናቸው» አለና ማስተር ወጥቶ ሄደ።

ወሬ እግር አለው፤ ከሰዓት በኋላ ሠፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሰይ! እጁ አይንቀጥቀጥ!» አለ። ግማሹ ደግሞ «ዛሬ የእሱን ነገ የእኔን ነው፤ የባለቤትን ቁልፍ ለሌላ የሚሰጥ ሌባ ካልተባለ ማን ሌባ ሊባል ነው?» አለ። በማግስቱ ጠዋት ኪዮስኩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ፦ የዚህን ሰው ቁልፍ አትመኑ። በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ አነሣው፤ የማጣበቂያው ጠባሳ ግን ቀረ። ለቁልፍ ሠሪ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ቤት ሲገባም ባልቴቷ አከራያቸው፣ እሱና ሚስቱ እትዬ የሚሏት፣ ቧንቧው ጋ ቆማ ጠበቀችው። «ልጄ፣ ጥሩ ሥራ አልሠራህም» አለችው። «ለሰው ብለህ የሰውን ሀብት አታዋርድ።» ራሱን ዝቅ አድርጎ አልፏት ገባ።

ዓርብ ዕለት ነጋዴው አስተማሪዋንና ማስተርን ከሰሳቸውና የሠፈሩ ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ኃላፊው ራሱ ሦስት ቤት እንደሚያከራይ የማያውቅ የለም። ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው ኮሪደሩ ድረስ ቆሟል። አስተማሪዋ ውሏን ዘረጋች፤ የሚያበቃው ትምህርት ሲዘጋ ነው፣ ገና አራት ወር ይቀራል።

«ወረቀት እኮ ነው!» አለ ነጋዴው። «እሷ ወረቀት ካላት እኔ ግንብ አለኝ!»

ከኋላ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተነሣች። «እውነቱን ነው! ቤት ሠርተን ወንጀለኛ ሆንን እንዴ? የእኔ ተከራይ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ነቅሎ በጨለማ ትቶኝ ሄደ! ስለእኛ የሚያለቅስ የለም?»

«እርስዎ ደግሞ» አለ አንድ የታክሲ ሹፌር ከበሩ በኩል፣ «የስድስት ወር ሕፃን አለቀሰ ብለው ያስወጡኝ እርስዎ አይደሉም? ሕፃን ካላለቀሰ ምን ሊያደርግ ነው፣ ጋዜጣ ሊያነብ?»

ሳቅና ጩኸት ተደባለቀ። ኃላፊው ጠረጴዛውን እየደበደበ ዝም አሰኛቸውና ፍርዱን ሰጠ። አስተማሪዋ ውሏ እስኪያልቅ ትቆይ። ነጋዴው ከእንግዲህ በእርጋታ ይሥራ። ቁልፍ ሠሪው ግን የቤቱን ባለቤት በሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ።

ነገሩ ለማስተር ሲገባው ጆሮው ጮኸ። ሰው ቤት በውሸት የገባው «በእርጋታ ይሥራ»፣ ያስቆመው ይቅርታ ይጠይቅ!

«ይቅርታ የምጠይቃቸው አንድ ሰው አሉ» አለ ብድግ ብሎ። «እሳቸው ደግሞ እዚህ የሉም።»

«እንግዲያው ኪዮስክህ ለአንድ ወር ይታሸጋል» አለ ኃላፊው፣ ብዕሩን ሳያነሣ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኋላ መንገድ ሄደ። አንኳኳ፤ አስተማሪዋ ቀድማው ደርሳ ነበርና ከፈተችለት። ሽማግሌው እዚያው መስኮቱ ሥር ናቸው። ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ እንደኖሩ፣ ዐይናቸውን ስኳር እንደወሰደባቸው በኋላ ነው የሰማው።

«አባቴ፣ የዚያን ዕለት…»

«ድምፅህን አውቄዋለሁ። ጠረጴዛውን መልሱ ያልከው ነህ።»

«በሩን የከፈትኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ራዲዮውን ዘጉ። «ቁልፉ ሲነካካ ልጄ መስላኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። «አሁን በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር እጄ ሳላዘው ጠረጴዛውን ይይዛል። ልማድ ሆነ። አንተን አልቀየምኩህም።»

አልቀየምኩህም መባሉ አላቀለለውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ኪዮስኩ ታሸገ። ማስተር በሕይወቱ የሥራ ቀን ቤት ውሎ አያውቅም። ሚስቱ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ትሠራለች፤ በጠዋት ትወጣለች። ልጆቹም ይማራሉ። እሱ ብቻውን ግድግዳ ላይ ያፈጣል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋድሞ ሳለ በሩ ላይ ቁልፍ ገባ።

ሚስቱ አይደለችም። ጆሮው ይህን አይስትም። የእሷን ቁልፍ የቀረጸው እሱ ነው፤ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ይሄኛው ይይዛል፣ ይንገጫገጫል። ጥርሱ በወጉ ያልተሞረደ ቅጂ፣ የሌላ ሰው እጅ ሥራ ነው።

እትዬ ገባች። ጫማዋን ደጅ አውልቃ በካልሲ። ወደ ውስጥ ሳትመለከት ቀጥ ብላ ወደ ማብሰያው ጥግ ሄደች፤ የዕቃ ማጠቢያውን ሥር አጎንብሳ አየች፤ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ዘጋች። ግድግዳው ላይ ትንሿ ልጅ ሥዕሏን የሰቀለችበትን ምስማር በጣቷ ነካ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አካሄዷ የቤቱን መንገድ በጨለማ የሚያውቅ ሰው አካሄድ ነው። ከዚያ ዞር ስትል ተያዩ።

«ውይ በሞትኩት!» ደረቷን ያዘች።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ቧንቧው… ሲንጠባጠብ የሰማሁ መስሎኝ።»

«ቧንቧው ደህና ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ቁልፉ!»

ባልቴቷ ዐይኗን ሰበረች። «ከገባችሁ ጀምሮ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት። ሚስቱ ስንት ጊዜ ነው «ዕቃዬ ከቦታው ተነሥቷል» ያለችው? ስንት ጊዜ ነው «አንቺ ሴትዮ ቅዠት ጀመረሽ» ብሎ የሳቀባት? ትልቋ ልጁ «አልነካሁም እማዬ» እያለች ስንት ቀን አለቀሰች? ምላ ተገዝታ፣ የሚያምናት አጥታ፣ ሳትበላ የተኛችበት ቀን አለ። ይሄ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣበት። የሰው በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው የራሱ በር ወንፊት ኖሯል!

«ሌባ አይደለሁም!» አለች እሱ ሳይናገር። «አንድ ክር አንሥቼ አላውቅም!»

«ቢያነሡ ይሻለኝ ነበር! ሌባ አንድ ቀን ገብቶ ይወጣል! እርስዎ ልጄን ውሸታም አደረጓት!»

«ቤቴ ነው! ባሌ ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ የሠራው ቤት ነው! ባየው ምን አለበት?»

«አያዩትም ነበር ወይ፣ አንኳኩተው?»

ያኔ ባልቴቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ከእናንተ በፊት አንድ ብቸኛ ሰው ነበር» አለች። «ጸጥተኛ ነው፤ ድምፁ አይሰማም። ቁልፍ የለኝም፣ አላስቸግረውም ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት ቀን፣ ልጄ! እዚሁ አልጋህ ያለበት ላይ ሞቶ ሦስት ቀን! እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር ሳይ ሰውነቴ ይቆጣል።»

ማስተር ሊያዝንላት ፈለገ። ሐዘኑም መጣ፤ ግን ቁጣውን አልፎ መውጣት አልቻለም።

«እኔ በሕይወት አለሁ» አላት። «ሚስቴም ልጆቼም በሕይወት አሉ። ያንኳኩ።»

«አንኳኩቼ ባትከፍቱስ?»

«ያን ጊዜ ይስበሩት። እኔው እጠግነዋለሁ።»

ባልቴቷ ተነሥታ ወጣች። እሱም የዕቃ ሣጥኑን አወጣ። የድሮው ቁልፍ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነበርና መሰርሰሪያውን ሰካ፤ ግቢው በጩኸቱ ተናወጠ። ባልቴቷ ተመልሳ መጣች።

«ቤቴን ልትበሳ ነው?»

«በሬን ነው።»

«በርህ? ከመቼ ወዲህ ነው በርህ የሆነው?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

«እንግዲያው ቤት ፈልግ!» ብላው ሄደች።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ጮኻ ታብዳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ትልቋን ልጅ ጠራቻትና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይቅር በይኝ፤ አንቺ አልነበርሽም» አለቻት። ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደስ አላላትም፤ ተናደደች። «ነግሬሽ አልነበር!» እያለች እናቷን በቡጢ ደረት ደረቷን መታቻት፤ እናትየዋም አልከለከለቻትም።

ሁለት እሑድ ቤት ፈለጉ። የሄዱበት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። ስንት ልጅ? ሁለት። እንግዳ ይበዛባችኋል? አይበዛም። ሥራህስ ምንድን ነው? ቁልፍ ሠሪ። «አሃ፣ አንተ ነህ እንዴ ያ ቁልፍ ሠሪ!» ከዚህ በኋላ ቤቱ ወይ ተይዟል፣ ወይ ቀለም ሊቀባ ነው፣ ወይ የወንድም ልጅ ከሩቅ ሊመጣ ነው። አንዱማ ውሸት ለመፈለግ እንኳ አልደከመም፤ ቸኩሎ በሩን ዘጋባቸው።

በሦስተኛው ሳምንት በራቸው ተንኳኳ። ሚስቱ ከፈተች። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ እግሯን አላሻገረችም።

«ለባልሽ ንገሪው» አለች። «ቆዩ። ከባዶ ቤት የተዘጋ በር ይሻለኛል።»

ማስተር ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሰማ። ወጥቶ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረበት። አልወጣም። ውጡ ስትል መውጣታቸው፣ ቆዩ ስትል መቆየታቸው፣ የአራት ሰው ኑሮ በአንዲት ሴት አፍ ላይ መንጠልጠሉ እንደ እሾህ ወጋው። ቆዩ፤ ወዴት ይሄዳሉ? ባልቴቷም ከዚያ ወዲህ ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። ሰላምታቸው ግን ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ።

ኪዮስኩ ሲከፈት አከራዮቹ አብዛኞቹ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ይዘው ነበር። የሚመጡት ተከራዮች ናቸው፤ «ማስተር፣ የእኔንም ቀይርልኝ» እያሉ። እንደ ድሮው አይቀልድም። በር እንዲከፍት ሲጠሩት ቀድሞ በመስኮት ወደ ውስጥ ይጣራል፦ «ሰው አለ?» መልስ ካጣም ደግሞ ይጣራል። የሚጣደፉ ሰዎች ይስቁበታል፤ አንዳንዱም ይቆጣል።

ትምህርት ሲዘጋ አስተማሪዋ ሌላ ቤት አግኝታ ለቀቀች። በቀኑ፣ ራሷ በመረጠችው ጠዋት። ማስተር ኪዮስኩን ዘግቶ ሄደና መጽሐፍ የሞላባቸውን ካርቶኖች ተሸከመላት። የተከራየችው የጭነት መኪና ሲሞላ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጣቸው።

መስታወት ነጋዴው ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ነበር፤ ከክፍል ክፍል እየዞረ ግድግዳ ይዳብሳል። «እዚህ ጋ ተልጧል» ይላል። «እዚህ ጋ ምስማር ነበር።» አስተማሪዋ ባዶውን ቤት ጠርጋ፣ በሩን ቆለፈች። ከዚያ ሦስቱን ቁልፎች ሰውየው እጅ ላይ አንድ በአንድ ቆጠረችለት።

«አሁን ባዶ ነው» አለችው።

ነጋዴው አንገቱን ወደ ማስተር መለሰ። ለጠብ የመጣ መስሎት ነበር መሰል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ማስተር አልፎት ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው ሲነሣ ከኋላ ዕቃው ላይ ወጣና፣ ጠረጴዛው በጉድጓዳማው መንገድ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ ሄደ። ጥርሱን እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ድረስ ነክሶ ነበር።